ጥያቄው ይነበብላት

ታቢታን ካውያ እጇን ሲያቃጥላት አይቻለሁ። ጮኸች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ታቢታን አታውቋትም። እጇን ከፍ አድርጋ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ አየችው፤ ከዚያ የጀመረችውን የትራስ ልብስ ተኩሳ ጨረሰችና ሌላ አነሳች። «ኧረ ውሃ አድርጊበት!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። እኔ እጮኻለሁ። ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፌ እደረድራለሁ። እሷ ዝም ትላለች፣ እኔ የሁለታችንንም ድርሻ አወራለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የታቢታን ዝምታ ካየሁ በኋላ ግን እሱም ይነቅዛል እላለሁ፤ ስለ እሷ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቤቷ አዲስ ከተማ የሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። ባሏ ወንድሙ ይባላል፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ መስመር አይጠፋም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሩታ። ሩታ በጆሮዋ የገባውን ነገር አትረሳም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ታቢታ ላውንደሪ ይዛት መጣች። ልጅቷ ደም ከልብ ወጥቶ የት የት ደርሶ እንደሚመለስ ስትተርክልኝ አፌን ከፍቼ ሰማኋት፤ የፎጣው ክምር እንዳለ ቀረ፤ ሱፐርቫይዘሩም ተቆጣኝ። ጽሑፍ ላይ ግን ትቆማለች። ሌላው ልጅ ገጹን ሲጨርስ እሷ አንድ መስመር ላይ ናት፤ የቃሉ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ያውም አማርኛው በእኛ ፊደል፣ ሲዳሙ አፎውና እንግሊዝኛው በላቲን። በሁለት ፊደል፣ በሦስት ቋንቋ ነው የምትሰቃየው። ሰነፍ ናት ተባለች። ዓይኗ ነው ተብሎ መነጽር ተደረገላት፤ መነጽሩም ለአፍንጫዋ ሸክም ከመሆን ሌላ ምንም አልፈየደም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ መረመራትና ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጅቷ የንባብ ችግር አለባት፤ ይህ የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ በፈተና ጊዜ ጥያቄው ይነበብላት፤ ተጨማሪ ሰዓትም ይሰጣት ይላል። ማኅተም አለው። ታቢታ በላስቲክ አድርጋ አስቀመጠችው። መስከረም በመጣ ቁጥር መሃል ከተማ ወርዳ ፎቶ ኮፒ ታስነሳና ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ ትሰጣለች። አስተማሪው ሲቀየር ነገሩ ከሀ ይጀመራል።

አምስተኛ ክፍል ላይ መምህር ፍቅሬ የሚባል ሰው ነበር፤ እግዜር ይስጠው። በፈተና ቀን ወንበሩን ከሩታ አጠገብ ስቦ በሹክሹክታ አንድ በአንድ ያነብላት ነበር። በዚያ ዓመት ከክፍሏ ስድስተኛ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት የመጣችው መምህርት ግን «እኔ ፈታኝ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም» አለቻት። ከእሷ በኋላ የመጣው ደግሞ «ለእሷ ካነበብኩ ሌሎቹ ልጆች ምን ይሉኛል?» አለ፤ ወረቀቱን ግን በክብር ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ታቢታ ተመልሳ ትሄዳለች፤ «እናያለን» ይሏታል፤ ተመልሳ ትመጣና ካውያዋን ታነሳለች።

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ያን ትምህርት ቤት አናውጠው ነበር። ይህንንም ነግሬያታለሁ።

«ደክሞኝ እንዳይመስልሽ፣ ሳዩ» አለችኝ አንድ ቀን። ሳያት ነው ስሜ፤ ሳዩ የምትለኝ እሷ ናት። «ደንዝዤ ነው። ሲነግሩኝ ይሰማኛል፤ ግን የሚያመኝ ቦታ ላይ አይደርስም።»

ዘንድሮ ሩታ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ስምንተኛ ማለት ሚኒስትሪ ማለት ነው፤ ክልላዊው ፈተና። እዚያ ላይ መምህር ፍቅሬ ወንበር ስቦ አይቀመጥም። ድጋፍ የሚያስፈልገው ተፈታኝ ካለ ትምህርት ቤቱ ቅጽ ይሞላል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ቅጹ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይሄድና አንባቢ ይመደባል። ፊርማው ከሌለ ልጅቷ እንደማንም ተቀምጣ ከወረቀቱ ጋር ትተያያለች። ከወደቀች ደግሞ ስምንተኛን አትደግምም፤ ይህን ራሷ ናት ለእናቷ የነገረቻት። «ከወደቅኩ ከአንቺ ጋር ላውንደሪ እገባለሁ፣ እማ። አንሶላ ላይ የሚነበብ ነገር የለም» አለቻት። ታቢታ ይህን ስትነግረኝ እየተኮሰች ነበር፤ እጇም አልቆመም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው እኮ!

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዘንድሮ ታቢታ ወረቀቱን አላወጣችውም። በመስከረም «ሰጠሽ?» አልኳት፤ «ነገ» አለች። በኅዳር ጠየቅኳት፤ ነገ። የመንፈቁ ካርድ መጣ፤ ሩታ ከመጨረሻ ሁለተኛ። ያኔም ነገ። ሚያዝያ ገባ፤ ቅጹ የሚሰበሰብበት ቀን ተለጠፈ፤ ሰኞ ነው። ሐሙስ ዕለት ካውያውን ከእጇ ቀምቼ ነቀልኩት።

«አሁን ተነሺ፤ እንሄዳለን» አልኳት።

«እሺ፣ አብረሽኝ ነይ» አለች። «አንቺ አፍ አለሽ።»

ትምህርት ቤቱ ምሥራቅ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ነው፤ በመስከረም ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ፣ አቶ ማቴዎስ የሚባል። ገና በሩ ላይ ስንታይ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«እኅት ታቢታ! ጌታ ይባረክ! ወንድሙስ ደኅና ነው? መንገዱ ሰላም ነው?»

ለካ ይተዋወቃሉ። ታቢታ ጴንጤ ናት፤ አቶ ማቴዎስም የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ደስ አለኝ። እንዲህ ከሆነማ አለቀ አልኩ በሆዴ። ወንበር አቀረበልን፤ ለእኔም አክብሮ ሰላምታ ሰጠኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በኋላ ለመሳደብ ይቀለኝ ነበር።

ታቢታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ይህ የሦስተኛ ክፍል ወረቀት ነው» አለ።

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላ ጌታ ሥራ ሠርቷል፣ እኅት ታቢታ። ሩታ በጉባኤ ፊት ቃሉን አንብባለች። እኔ ፊት ረድፍ ላይ ነበርኩ። አንቺም ማይክ ይዘሽ ‹ልጄ ተፈውሳለች› ብለሽ መስክረሻል። ሕዝቡ ሁሉ አልቅሷል፤ እኔም አልቅሻለሁ። አሁን ይህን ሰምቼ ‹ማንበብ አትችልም› የሚል ቅጽ ላይ እንዴት ልፈርም? እግዚአብሔርን ዋሾ ማድረግ አይሆንም?»

ታቢታን አየኋት። ወለሉን ታያለች። ከመስከረም ጀምሮ ‹ነገ› ያለችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። እስከ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ አይተዋወቁም ነበር፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል፣ ምስክርነቱ በሌላ በኩል ይኖሩ ነበር። አቶ ማቴዎስ ሲመጣ ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ተገናኙ።

እኔ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ የልጅቷን ደብተር አስመጥተው ይዩት እንጂ! ደግሞ እርስዎም መነጽር አድርገዋል፤ እግዜር በመነጽር ይቆጣል እንዴ?»

አልተቆጣም። «እኔ ዓይኔ ተፈወሰ ብዬ መድረክ ላይ አልወጣሁም፣ እኅቴ» አለኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌ ወደ እሱ አስጠጋሁት።

ወደ ታቢታ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደብተሯን አይቻለሁ። መምህራኑም ነግረውኛል። ልጅቷን ልጎዳት አልፈልግም። ነገር ግን ፈውሱ ካልሆነ፣ የሰማው ጉባኤ አለመሆኑንም መስማት አለበት። በመድረክ የተነገረ በመድረክ ይታረማል። እሑድ የምስክርነት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ፤ ቃሌ ነው።»

«እሺ» አለች ታቢታ፤ ወረቀቱን ወደ ላስቲኩ መልሳ ተነሣች።

ባጃጅ ውስጥ ገባን። ግማሽ መንገድ እስክንደርስ ተሳደብኩ፤ ፊርማ የእግዜር ነው ወይስ የመንግሥት አልኩ። እሷ ውጭ ውጭውን ታያለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ጀመረች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ስታወራ አልሰማኋትም።

ሩታ አራተኛ ክፍል ሳለች፣ ማንበብ እንድትችል በቤተ ክርስቲያናቸው የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ተያዘላት። እሑድ ላይ ሩታ ራሷ «ላንብብ» አለች። መድረክ ላይ አወጧት፤ ታቢታ አጠገቧ ቆመች። ልጅቷ ትልቁን መጽሐፍ ዘርግታ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ አንድ ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ ወረደችው። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ታቢታ ዝቅ ብላ መጽሐፉን አየችው። የተገለጠው ሌላ ገጽ ነው። ልጅቷ የምትለው ምዕራፍ እዚያ የለም። የሰንበት ትምህርት ላይ ሲደጋገም ሰምታ በቃሏ ይዛው ነው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ማይኩን ሰጡኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ሰው ሲያጨበጭብላት የመጀመሪያዋ ነበር፣ ሳዩ። ፊቷ እንዴት እንደበራ! መጽሐፉን ዘጋሁና ‹ልጄ ተፈውሳለች› አልኩ።»

«ሩታ ማየትሽን ታውቃለች?»

«አላውቅም። ተነጋግረን አናውቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አራት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። ለባሏ ለወንድሙ እንኳ አልነገረችም። ተናደድኩባት፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ከአቶ ማቴዎስ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ እኔስ ብሆን ያን ፊት እያየሁ ምን እል ነበር አልኩና ስድቤን ተውኩ። ወርዳ ስንለያይ «እሑድ ትናገሪያለሽ?» አልኳት።

«እንጃ» አለች።

ዓርብም ቅዳሜም ጠየቅኳት፤ መልሷ ያው ነው። ቅዳሜ ወንድሙ ደወለ፤ ለእሱም አልነገረችውም። አንሶላዎቹን ግን ከወትሮው ቀድማ ጨረሰች።

እሑድ ከገብርኤል ቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እንደለበስኩ ወደ እነ ታቢታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የጴንጤ ጉባኤ ገብቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልገባሁም። በሩ ላይ፣ ጫማ የሚያስሩ ልጆችና ሕፃን የሚያባብሉ እናቶች ከሚቆሙበት ቆምኩ። ቆርቆሮው ሞቋል፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ሩታ ከመዘምራኑ መሐል ናት፣ የመዘምራኑን ልብስ ለብሳ። መዝሙር የሚያዘው በጆሮ ስለሆነ አንደኛ ናት ይላሉ።

ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ይምጣ አለ። አንዲት ሴት ስለ ሥራ መስክራ ወረደች። ከዚያ ታቢታ ተነሣች። እኔ የበሩን መቃን ጨበጥኩ። እሷ አንሶላ ልታስቀምጥ ወደ መደርደሪያው እንደምትሄድ ሆና ሄደች። ማይኩን ተቀበለች፤ ለሱፐርቫይዘሩ ሦስት አንሶላ ጎድሏል በምትልበት ድምፅ ተናገረች።

«የዛሬ አራት ዓመት ልጄ ተፈውሳለች ብዬ እዚህ ተናግሬ ነበር። አልተፈወሰችም። ያን ቀን አላነበበችም፤ በቃሏ ነው ያለችው። ገጹ ሌላ ነበር። እኔ አይቼ ነበር። ልጅ ናት፤ እሷ ምንም አላለችም፤ ‹ተፈወሰች› ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው በልማድ «ሃሌ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ፓስተሩ ቆይቶ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አላትና መዝሙር አስጀመረ። መዘምራኑ ዘመሩ። ሩታ ቆማለች፤ አፏ አይንቀሳቀስም።

ጉባኤው ሲፈታ አቶ ማቴዎስ በሩ ላይ አገኘን። ከቦርሳው ቅጹን አወጣ። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ‹ጥያቄው ይነበብላት› የሚለው ሁሉ አስቀድሞ ተሞልቷል። ሞልቶት ነው የመጣው! በዚህ ልደሰት ወይስ ልናደድ አሁንም አልወሰንኩም። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ።

«ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ፣ እኅት ታቢታ» አላት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ማኅተሙስ?» አለች ታቢታ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አስመታዋለሁ።»

«ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ያዘች።

ሩታ የመዘምራኑን ልብስ ሳታወልቅ መጣች። ሰው ሁሉ እያየን ያልፋል፤ ሰላም የሚለን ግን ጥቂት ነው። ፊታችን ቆመች።

«አይተሽ ነበር፣ እማ?»

«አዎ።»

«ገጹን?»

«አዎ።»

ልጅቷ የእጅጌዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «እኔ እኮ…» አለች፤ «እግዚአብሔር በእኔ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ንባቡን ሊሰጠኝ ነበር፤ ያን ቀን ሰዎቹን ስላታለልኩ ተወው ብዬ ነው የማስበው። ስንጸልይ ሁሉ ይቅርታ ነው የምለው። አራት ዓመት።»

ታቢታ ልጇን በትከሻዋ ይዛ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አለቻት። አልገባኝም፤ ተርጉሙልኝም አላልኩ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሦስታችንም ወደ ባጃጁ ሄድን።

ሰኞ ማኅተሙ ተመታ፤ ታቢታ ቅጹን ራሷ ይዛ ሄዳ አስረከበች። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሩታን ከመዘምራኑ ለጊዜው ዕረፊ አሏት። የታቢታ የጸሎት ቡድን ሴቶችም ሰዓቱን ቀየሩና ሳይነግሯት ቀሩ። ይህን የነገረችኝ የትራስ ልብስ እየተኮሰች ነው። «አይከፋሽም?» አልኳት። «ይከፋኝ ይሆናል፤ ገና አልደረሰም» አለች።

የፈተናው ቀን ሰኔ ላይ ዋለ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ጭቃ ነው። እኔና ታቢታ ከሌሎች ጋር ፈረቃ ተቀያይረን መጣን። ሌሎቹ ልጆች ተሰልፈው ገቡ፤ ሩታን ግን አንዲት መምህርት በስሟ ጠርታ ለብቻዋ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻት። ያን ስናይ ታቢታ እጄን ያዘችኝ፤ ልጅቷ እስክትወጣ ድረስም አለቀቀችኝም። ስለ ሁሉም ነገር አወራሁ፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ስለ ዝናቡ፤ አንዱንም አልሰማችኝም።

ሌሎቹ ወጥተው አለቁ። ተጨማሪ ሰዓቱም አለቀ። ሩታ በመጨረሻ ብቻዋን በግቢው መሐል መጣች። አልሮጠችም፤ አላለቀሰችም።

«አነበቡልሽ?» አለቻት ታቢታ።

«አነበቡልኝ።»

«ድገሙልኝ ስትዪ ደገሙልሽ?»

«አንዱን ሦስቴ ደገሙልኝ።»

«አልተቆጡም?»

«አልተቆጡም።» ልጅቷ ወደ ክፍሉ ዞራ አየች። ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ የደስታ መስሎኝ ልስማት ጠጋ አልኩ። ደስታ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ የተቆጣ ልጅ አላየሁም። «እማ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ እኮ!» አለች። «ጥያቄውን ሁሉ አውቀዋለሁ! ድሮም አውቀው ነበር! ስምንት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር!»

ታቢታ እጄን ለቀቀች። ጭቃው ላይ፣ በሩ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያያት ቁጭ አለችና ጮኸች።